ሎሚ፣ ዘይትና የጓሮ ቅጠል፦ ሰላጣና አዚፋ የምናጣፍጥበት
ሰላጣ ሲባል ብዙ ሰው ከተማ ምግብ ቤት የሚቀርበው ቅጠል ብቻ ይመስለዋል። አንዳንዱም «ቅጠልማ የከብት ነው፤ እኔ በግ ነኝ እንዴ?» እያለ ይስቃል። ነገር ግን የገጠር ቤት ሰላጣን ያውቀዋል፤ ስሙን ሰላጣ አላለውም እንጂ። በጾም ቀን ምስር ተቀቅሎ ይቀዘቅዛል። ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ቃሪያና ሽንኩርት ይከተፍበታል፤ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ አዚፋ ይባላል። ቲማቲም ተከትፎ ሎሚና ዘይት ይፈስበታል፤ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ የቲማቲም ፍትፍት ይባላል። ሁለቱንም የሚያጣፍጣቸው አንድ ነገር ነው። እሱም ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨውና ጥሩ ሽታ ያለው ቅጠል አንድ ላይ ሲዋሐዱ የሚገኘው ማጣፈጫ ነው። ይህን ማጣፈጫ እንዴት እንሠራዋለን? ምንስ ይጠቅመናል?

ሎሚ በብዙ ቆላና ወይና ደጋ አገር ይበቅላል። ፍሬው በሚበዛበት ወራት ዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰው ቀላል አይደለም። የቀረውን በጆንያ ሞልተን ከተማ ወስደን በርካሽ እንሸጠዋለን። ከገበያ ተመልሰን የምንቀርብበት መሶብ ላይ ግን ሽሮና እንጀራ ብቻ ይጠብቀናል። መሸጡ መልካም ነው፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። ግን ከአንድ ጆንያ ላይ ሃያ ሎሚ ለቤት ማስቀረት ማንንም አያደኸይም። በደጋ አገር ውርጭ ስለሚመታው ሎሚ አይሆንም። የደጋ ሰው ገበያ ሲወርድ ጥቂት ፍሬ ሊገዛ ይችላል።

ለመሆኑ ሎሚ ከመኮምጠጡ ሌላ ምን አለው? ይህን ለመረዳት አንድ የቆየ ታሪክ እንስማ። በድሮ ዘመን በባሕር ላይ ብዙ ወር የሚጓዙ መርከበኞች አንድ ክፉ በሽታ ይይዛቸው ነበር። ድዳቸው ያብጣል፤ ይደማል። ጥርሳቸው ይነቃነቃል። ቆዳቸው ሥር ደም ይቋጥራል። የቆየ ቁስላቸው እንደገና ያመረቅዛል። ጉልበት ያጡና በመጨረሻ ይሞታሉ። በሽታው ስከርቪ ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም አሥራ ሁለት በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ሰጠ፤ መድኃኒቱን ግን ለያየው። ሁለቱን ኮምጣጤ አጠጣ። ሁለቱን የባሕር ውኃ አጠጣ። ሌሎቹንም ሌላ ሌላ ነገር ሰጣቸው። ለሁለቱ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ሁለት ብርቱካንና አንድ አንድ ሎሚ ሰጣቸው። በስድስት ቀን ውስጥ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላውም ተሻለው። ኮምጣጤ የጠጡት ግን አልዳኑም። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሎሚም ኮምጣጤም ይኮመጥጣሉ። የሚያድነው ግን ኮምጣጣነቱ አይደለም፤ በሎሚውና በብርቱካኑ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። ያም ሆኖ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ በደንብ ማደል የጀመረው በ1795 ነው። በመካከሉ አርባ ስምንት ዓመት አለፈ። ስንት ሰው ሞተ!

ይህ በሽታ የድሮ መርከበኞች ብቻ ነው ማለት አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከአገራችን ወደ ሶማሊያና ወደ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖቻችን በየካምፑ ተይዘውበታል። ምክንያቱም ለብዙ ወራት የሚታደላቸው እህልና ዘይት፣ በጠቅላላው ደረቅ ራሽን ስለነበረ ነው። ትኩስ ፍሬና ቅጠል አያገኙም ነበር። ሆድ ጠግቦ እንኳ ገላ ሊራብ ይችላል ማለት ነው።

ያ በሎሚ ውስጥ ያለው ነገር ቪታሚን ሲ ይባላል። ለይተው ካወጡት ሊቃውንት አንዱ አልበርት ሴንት-ጆርጂ የተባለ የሃንጋሪ ሰው ነው። በ1937 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይህ ሰው ቪታሚኑን በብዛት ያገኘው ከሎሚ አልነበረም፤ ከምን መሰላችሁ? ከቃሪያ! በአገሩ የሚበቅለው የበርበሬ ዘር ለምርምሩ የሚበቃውን ያህል ሰጠው። እውነትም በክብደት ሲመዛዘኑ ጥሬ ቃሪያ ከሎሚ በብዙ እጥፍ የበለጠ ቪታሚን ሲ አለው። ስለዚህ አዚፋ ላይ ቃሪያና ሎሚ አብረው እንዲገቡ ያደረገች የመጀመሪያዋ ባለሙያ ማን ነበረች? ስሟ አልተጻፈም እንጂ ትልቅ ሥራ ሠርታለች።

ቪታሚን ሲ እሳትና አየር ይጎዳዋል። ሎሚውን ወጥ ውስጥ ጨምቆ ማንተክተክ ጣዕሙን ይተዋል፤ ጥቅሙን ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሎሚ የሚጨመቀው ምግቡ ከእሳት ወርዶ፣ ሊበላ ሲል ነው።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኛ አገር ሰው ከስከርቪውም በላይ ይህኛው የሚያሳስብ ነው። ደም ማነስን ሁላችንም እናውቃለን። ሴቲቱ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ልቧ ይመታል። ዓይኗ ይጨልምባታል። መዳፏና የዓይኗ ሽፋን ውስጡ ነጥቶ ይታያል። በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና የወር አበባ የሚያዩ ልጃገረዶች በዚህ ይጎዳሉ። ደም የሚሠራው ከብረት ማዕድን ነው። ብረት በጤፍ፣ በምስር፣ በሽምብራና በጎመን ውስጥ አለ። (ጤፍ ውስጥ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ በበሬ ሲወቃ ከአውድማው አፈር የሚደባለቅ ነው።) ችግሩ የእህል ብረት ወደ ደም በቀላሉ አለመግባቱ ነው። ሆድ ውስጥ ታስሮ ይቀርና ይወጣል። ከምግቡ ጋር ቪታሚን ሲ ሲኖር ግን ከዚያ ከታሰረው ብረት ከወትሮው የበለጠው ይለቀቅና ወደ ደም ይገባል። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ እንግዲህ ለአፍ ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ። ቡና ነው። ሻይም እንደዚሁ። ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን መልሰው ያስሩታል። ቡና ይቅር አንልም፤ ማን ይሰማናል? ምራትም አማቷን «ቡና አይጠጡ» ብትል ነውር ይሆንባታል። ነገር ግን «እማማ፣ ቡናውን ትንሽ ቆየት ብዬ ላፍላው» ብትል የሚቀየማት የለም። ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቆየቱ ብዙ ይረዳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለአምስት ሰው የሚበቃ ማጣፈጫ ለመሥራት ሦስት የበሰሉ ሎሚዎች፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ ጭብጥ ትኩስ ቅጠል ያስፈልጋል። ዘይቱ የኑግ ቢሆን ሽታው ያምራል፤ የሱፍም የሰሊጥም ይሆናል። ዘይት ውድ ከሆነ በሦስት ማንኪያ ይብቃ፤ ጨርሶ ግን አይቅር። በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለው፣ ልጆችን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቪታሚን፣ ስብ ካልተጨመረበት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም።

ቅጠሉ ምን ይሁን? በሶብላ ከሁሉ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ በሶብላን አድርቀን ለበርበሬና ለቅቤ እናውለዋለን እንጂ እርጥቡን አንጠቀምበትም። እርጥቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ለጋውን ቅጠል ቀጥፋችሁ በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት፤ ይገባችኋል። የድንብላል ቅጠልም ለጋ ሳለ መልካም ነው። ናና ያለው ናና ይጨምር፤ ቀዝቀዝ ያደርገዋል። እንስላል ጥቂት ይበቃዋል። ጤና አዳም ኃይለኛ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቅጠል ካለፈ ያመራል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳምን ጨርሳ ብትተወው ይሻላታል፤ ማኅፀን የሚያነሣሣ ነገር አለበት። ከአጥር ሥር የሚበቅሉ እንስላል የሚመስሉ ቅጠሎች አሉ፤ ከእነሱም መርዝ የሆኑ አሉ። ሽታውን በደንብ ያላወቃችሁትን ቅጠል ማድጋችሁም ገበታችሁም አታስጠጉት።

ሎሚውን ከመቁረጣችሁ በፊት በንጹሕ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ እየተጫናችሁ አንከባሉት። ውስጡ ያለው የጭማቂ ከረጢት ይፈነዳና ጭማቂው ይበዛል። የደረቀና የጠነከረ ሎሚ ከሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት። ስትጨምቁ እስከ መጨረሻው አታንቁት፤ ልጣጩ ክፉኛ ሲጨመቅ መራራ ነገር ይለቃል። ፍሬውን በጣታችሁ እየያዛችሁ አስቀሩት።

ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጨውንና ቅጠሉን በሙቀጫ አብራችሁ ውቀጡ። ጨው አሸዋ ሆኖ ቅጠሉን ያደቅላችኋል። ቃሪያውን ፍሬውን አውጥታችሁ በደቃቁ ክተፉት፤ ማቃጠሉን የሚወድ ከነፍሬው ይተወው። የተወቀጠው ላይ መጀመሪያ የሎሚውን ጭማቂ አፍስሱና አማስሉ። ጨው በሎሚ ይሟሟል፤ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ዘይቱ ከቀደመ ጨው ከታች ተቀምጦ ይቀራል፤ አንዱ ጉርሻ ጨው አልባ፣ ሌላው ጨው ብቻ ይሆናል። ዘይቱ በመጨረሻ ቀስ እያለ ይንጠባጠብ፤ እጃችሁ ማማሰሉን አያቋርጥ።

ዘይትና ሎሚ በተፈጥሯቸው አይስማሙም። ጥቂት ካቆያችኋቸው ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ታዲያ እንዴት ይዋሐዳሉ? ወተትን ተመልከቱ። ወተት ውስጥ ቅቤ አለ፤ ግን አይታይም። በዓይን የማይታይ ትንንሽ ጠብታ ሆኖ በውኃው ውስጥ ተበትኗል። እርጎውን በቅል ስትንጡት ጠብታዎቹ እየተጋጩ ይያያዙና ቅቤ ሆነው ይለያሉ። እኛ አሁን የምንሠራው የዚያን ተቃራኒ ነው። ዘይቱን በማማሰል ሰባብረን ትንንሽ ጠብታ አድርገን በሎሚው ውስጥ እንበትነዋለን። የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ቅጠል በጠብታዎቹ መካከል እየገባ እንዳይገናኙ ይከላከላል። የሰናፍጭ ዱቄት ትንሽ ቢጨመርበት ከሁሉም በላይ ያያይዘዋል። በደንብ የተዋሐደ ማጣፈጫ ደፍረስ፣ ወፈር ይላል፤ ቅጠሉም ላይ ይለጠፋል። ያልተዋሐደው ግን ከቅጠሉ ላይ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይወርዳል። ክዳን ያለው ንጹሕ ጠርሙስ ካላችሁ ሁሉንም ጨምራችሁ ደኅና አድርጋችሁ ናጡት፤ ድካሙ ያንሳል። ከቆየ መለየቱ አይቀርም፤ ሲቀርብ እንደገና መነቅነቅ ነው።

ቅመሱት። በማንኪያ ሳይሆን አንድ ቅጠል ነክሮ መቅመስ ይሻላል፤ ብቻውን የኮመጠጠ የሚመስለው ከቅጠል ጋር ልክ ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ ከኮመጠጠ ዘይት ጠብ አድርጉ፤ ማር ያለው ቤት የሻይ ማንኪያ ጫፍ ማር ይጨምር።

ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ሰው ገበታ ሲቀርብ ነው። ቀደም ብሎ ከፈሰሰበት ጨው ከቅጠሉ ውኃ ይስባል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ አረንጓዴውም ይደበዝዛል። ጥቅል ጎመን ግን በተቃራኒው ነው። በስሱ ተከትፎ ከማጣፈጫው ጋር ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ይለሰልሳል። የተቀቀለ ድንችም ትኩስ ሳለ ቢፈስበት ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ላይ ላዩን ብቻ ይቀራል። አዚፋ ላይ ስታፈሱ ምስሩ ደርቆ የተጠነፈፈ ይሁን። የቲማቲም ፍትፍት ከሆነ እንጀራው ማጣፈጫውን ስለሚጠጣው በርከት ማድረግ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አለ፤ እሱ ከተዘነጋ ይህ ሁሉ ልፋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እሱም የቅጠሉ ንጽሕና ነው። ብዙ ሰው «ሎሚ ስላለበት ይገድለዋል» ይላል። አይገድለውም። የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም። ከሰው ዓይነ ምድር ጋር አፈር ላይ ይወድቃል፤ እዚያም ለወራት፣ ከዚያም አልፎ ሳይሞት ይቆያል። ዝናብና የመስኖ ውኃ ወደ አትክልቱ ያመጡታል። ሎሚ፣ ጨው፣ ኮምጣጤ ቢፈስበት ግድ የለውም። ቅጠሉን የበላ ልጅ ሆዱ ይነፋል፤ የበላውን ለወስፋቱ ይገብራል። አሜባም በዚሁ መንገድ ይመጣል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር በተበከለ ውኃ የሚለማው አትክልት ብዙ ያነጋገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ሰላጣውን ከሥሩ ቆርጣችሁ ቅጠል በቅጠል ለያዩት። እንደ ታሰረ አጥቦ መተው ላይ ላዩን ማታለል ነው፤ አፈሩ ያለው በእጥፋቱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ቅጠል ፊቱንም ጀርባውንም በሚፈስ ንጹሕ ውኃ በጣት እያሻችሁ እጠቡ። የቧንቧ ውኃ ከሌለ በጆግ እያፈሰሱ ማጠብ ሳፋ ውስጥ ከመዘፍዘፍ ይሻላል፤ በተዘፈዘፈበት ውኃ ቆሻሻው ተመልሶ ይለጠፋል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በክሎሪን የታከመ ውኃ ይሁን። ክሎሪኑን እሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፤ ማንበብ የቻለ ሰው ለዚህ ጎረቤት አይለምንም። ግን ክሎሪንም ቢሆን ብዙ ጀርም ይገድላል እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድልም፤ እሱን የሚያስወግደው ማሸትና ማጠብ ነው። ለማጣፈጫው የቀጠፋችሁት በሶብላም እንደዚሁ ይታጠባል። የሚላጥ ነገር፣ እንደ ካሮትና ሽንኩርት፣ ታጥቦ ሲላጥ አደጋው ያንሳል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንደር፣ ወይም ውኃው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ፣ ጥሬ ቅጠሉ ቢቀር ይሻላል፤ ማጣፈጫውን በተቀቀለ ምስር፣ በድንችና በተቀቀለ ጎመን ላይ አድርጉት። ጥቅሙ ብዙም አይቀርባችሁም።

ጨጓራ የሚያመው ሰው ሎሚውንና ቃሪያውን ይቀንስ። ሎሚ እየመጠጡ መዋልም ጥርስ ይበላል፤ ከበሉ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ከመታው ቆዳውን ያቃጥላል። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ውኃ ይቋጥራል፤ ሲድንም ጠቁሮ ይቆያል። የጤና አዳም ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል። ሎሚ ጨምቃችሁ ወደ እርሻ የምትወጡ እጃችሁን እስከ ክንዳችሁ በሳሙና ታጠቡ። ልጆችም በሎሚ እየተጫወቱ ፀሐይ ላይ አይዋሉ።

ማጣፈጫው የሚሠራው ለዕለቱ ነው። በተለይ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ ያለ በረዶ ቤት፣ ለብዙ ቀን ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በሌለበት በዘይቱ ውስጥ ሽታና ጣዕም የማይለውጥ፣ ሰው የሚገድል መርዝ የሚሠራ ተሕዋስ ሊያድግ ይችላል። ለነገ የሚያስፈልግ ከሆነ ሎሚው ሳይጨመቅ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ሳይላጥ ይደር፤ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዕቃውም ጠርሙስ፣ ብርጭቆ፣ የሸክላ ሳህን ወይም እንጨት ይሁን። ሎሚ በናስ፣ በመዳብና በአሉሚኒየም ዕቃ ውስጥ ከቆየ ብረቱን ይበላዋል፤ ማጣፈጫውም ብረት ብረት ይላል።

የተጨመቀው ልጣጭ አይጣል። ጨው ነስንሳችሁበት የጠቆረ የናስ ዕቃ ብታሹበት ያንኑ ብረት መብላቱን ለእናንተ ጥቅም ያውለዋል፤ ጥቁረቱን ይልጠዋል። ወዲያው በውኃ አለቅልቃችሁ በጨርቅ አድርቁት።